የሁለተኛው ምስክር ፊርማ

ሃምሳ አለቃ ሰገነት በብርጌዱ ጽሕፈት ቤት አራት ዓመት ሠርታለች፤ ሥራዋ ለሜዳሊያ የታጩ ወታደሮችን ጀብዱ መጻፍ ነው። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገ፣ ማን እንዳየው፤ ሁሉም በአንድ ገጽ። ብዙ ጽፋለች። የአስር አለቃ ሙከሚል ሸረፋ ወረቀት ግን ከበላይ ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል።

ሙከሚል የቡታጅራ ልጅ ነበር። ሦስት ቁስለኛ ጓዶቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ ወንዝ አሻገረ፤ ለአራተኛው ሲመለስ ተመትቶ ወደቀ። የመቶው አዛዥ ከማዶ ሆኖ ስላየ ፈርሟል። መመሪያው ግን ሁለት የዓይን ምስክር ይጠይቃል። ከሦስቱ ቁስለኞች ሁለቱ ሆስፒታል ውስጥ ሞተዋል። የቀረው ወልቂጤ የሚኖረው ደበሌ ብቻ ነው።

ሰገነት ፈቃድ ወስዳ ቡታጅራ ሄደች። የሙከሚል አባት አቶ ሸረፋ የበርበሬ ሱቃቸውን ዘግተው አብረዋት ወልቂጤ ወረዱ።

ደበሌን በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ራሱ ላይ የተመታበት ቦታ ፀጉር አላበቀለም። ሚስቱ ዘርፈሽዋል ወንበር አውጥታ፣ "ቀስ ብላችሁ አናግሩት፣ ቶሎ ይደክመዋል" አለቻቸው።

ሰገነት የመጡበትን ነገረችው። ደበሌ ሽማግሌውን ትክ ብሎ አያቸው።

"አባባ፣ እኔ ምንም አላስታውስም። ስነቃ ሆስፒታል ነኝ። ያወጣኝ ሙከሚል መሆኑንም ሰዎች ናቸው የነገሩኝ።" ወደ ሰገነት ዞረ። "እስክሪብቶ ስጪኝ፣ እፈርማለሁ።"

"ወረቀቱ 'በዓይኔ አይቻለሁ' ነው የሚለው" አለችው። ባትናገር በወደደች ነበር።

እጁ ወረቀቱ ላይ ቆመ። "እስቲ መጀመሪያ አንብቢልኝ።"

አነበበችለት። "ለሕይወቱ ሳይሳሳ" የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ወረደ፤ ይህን ሐረግ ለስንቱ ጽፋዋለች። ደበሌ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማ።

"ሲሸከመኝ ምን ብሎኝ ይሆን?" አለ።



አቶ ሸረፋ እስክሪብቶውን ከጣቶቹ መሃል ቀስ ብለው ወሰዱት። "ተወው ልጄ። ያላየኸውን አየሁ አትበል። ሙከሚልም አይወደውም።"

ሰገነት ወረቀቱን በአንድ ፊርማ አስገባችው። በሦስተኛው ሳምንት "ማስረጃ ያልተሟላ" ተብሎ ተመለሰ። አለቃዋ ዘንድ ገባች። እሱም ወረቀቱን አገላብጦ፣ "እኔስ ምን ላድርግ?" አላት።

አቶ ሸረፋ ጋ ደውላ መመለሱን ነገረቻቸው።

"እሺ" አሉ። ከጀርባቸው የገበያው ሁካታ ይሰማል። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የት እንደተቀበረ ጽፈሻል?"

"አልጻፍኩም አባባ።"

"የሚያውቅ ሰው የለም?"

ይህን ጥያቄ ስትፈራው ነው የከረመችው። "የመቶውን አዛዥ ጠይቄው ነበር። በማግስቱ ሲመለሱ ቦታው ላይ አላገኙትም።"

አቶ ሸረፋ ስልኩን አልዘጉም፤ እሷም አልዘጋችም።