ፕላስተር የተባለው

እናቴ ጎረቤታችንን ልትገድላቸው ነበር። በደግነት።

እያጋነንኩ አይደለም። የእማዬ ካንሰር አጥንት ገብቷል። ለህመሙ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ከሞርፊን ወገን የሆነ መድኃኒት ታዘዘላት። ከጀመረች ወዲህ ትተኛለች፤ እኔንም እንደ ድሮዋ ትሰድበኛለች። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም ነግሮን ነበር፣ ለምላስ አይመችም። ነርሷ "ፕላስተሩ" አለችው። እኛም ፕላስተር አልነው።

ፕላስተር ደግሞ ይቆረጣል፣ የሚያመው ቦታ ላይ ይለጠፋል፣ ለጎረቤትም ይተርፋል።

ጎረቤታችን እትዬ ጉልበቴ ናቸው። ስማቸው አይደለም፤ "ወይ ጉልበቴ" ሳይሉ ሰላምታ ስለማይጨርሱ ነው። ትናንት እኔ ጓዳ ሆኜ ልብስ ስሰፋ እሳቸው ሳሎን እማዬ ጋ ተቀምጠው ነበር። ብቅ ስል ሶፋው ላይ ያንኮራፋሉ።

"ተያቸው፣ እንቅልፍ ካዩ ስንት ዘመናቸው" አለች እማዬ።

ማንኮራፋቱ አላማረኝም። ይቆማል፣ ይቆያል፣ ደግሞ ይመጣል። ብጠራቸው የሉም፣ ብነቀንቃቸው የሉም። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

"እማዬ፣ ምን ሰጠሻቸው?"

"ምን እሰጣለሁ? ፕላስተር ነው። እሱንም ግማሽ!"

በጨርቅ መቀሴ ነው የቆረጠችው፤ ወረቀት እንኳ በማላስነካው። ከጉልበታቸው ላይ ነቅዬ አምቡላንስ ጠራሁ።

ተረፉ። ዛሬ በስልክ፣ "ጉልበቴን ግን ለቀቅ አድርጎኝ ነበር" አሉኝ።

ወንድሜ አልሳቀም። መጥቶ የመድኃኒቱን ካርቶን ብብቱ ስር ሸጎጠ።

"ይሄ መርዝ ከዚህ ቤት ይውጣ። በዚህ ዕድሜዋ ሱሰኛ ልታደርጊያት ነው?"

"አንድ ቀን አብረሃት እደርና ስትጮህ ሱስ ይሁን ህመም ለይተህ ንገረኝ።"

ካርቶኑን አልለቀቀም። ሱስ የሚያስፈራው ህመሙ የሌላ ሰው ሲሆን ነው።

የባሰችው እማዬ ናት። የራሷን ነቅላ ጥላዋለች።

"የሰው ነፍስ ላጠፋ ነበር። አልፈልገውም፣ እችለዋለሁ" ትላለች፣ ብርድ ልብሱን ነክሳ።

"እማዬ፣ ያንቺን ሰውነት ሐኪሞቹ ቀስ እያሉ አለማምደውታል። የእሳቸው አያውቀውም። ለነርሷ ደውያለሁ፤ ሳይቆረጥ፣ ለሰው ሳይሰጥ፣ አሁኑኑ ይለጠፍላት ብላለች።"

"ታዲያ ፕላስተር ለምን አሉት?"

የግንባሯን ላብ ጠረግኩላት።

"እጄን አላምነውም ልጄ። ነገ አንዷ መጥታ ወገቤን ብትለኝ አልጨክንም።"

ይሄንስ እውነቷን ነው። ሰው እያቃሰተ እሷ አትቀመጥም።

በር ላይ ደንበኛ ትጣራለች፤ ቀሚሷ አልደረሰም።

ካርቶኑን ከወንድሜ ብብት መንጭቄ ወሰድኩ። እማዬን ወደ ግድግዳው አዞርኳት። አዲሱን ፕላስተር ጀርባዋ መሀል፣ እጇ በማይደርስበት ቦታ ለጠፍኩላት።