እትዬ ቶዋ ገንዘቤን እንቢ ያሉበት ጠዋት

እኔ ችኩል ነኝ፤ እናቴ ይህን ስትነግረኝ ነው ያረጀችው። ያን ዕለት ሳይጎን ውስጥ እትዬ ቶዋ ያገለገሉ የላቦራቶሪ ዕቃዎች የሚሸጡበትን ሱቅ ገና ሲከፍቱ ዘው ብዬ የገባሁት ሆን ብዬ ነው። የቀኑን የመጀመሪያ ደንበኛ ባዶ እጁን የሸኘ ነጋዴ ገበያው ሲዘጋበት ይውላል ይባላል፤ ስለዚህ በቅናሽም ቢሆን ይሸጣል። የእኛ የካን ቶ ከተማ ላቦራቶሪ ደግሞ ከቅናሽ ሌላ መላ አልነበረውም።

የምንፈልገው ማስ ስፔክትሮሜትር ነበር፤ ሽሪምፕ በተባለው ለምግብ የሚረባ የውሃ እንስሳ ውስጥ የተከለከለ መድኃኒት ቅሪት መኖር አለመኖሩን የሚለይ ማሽን። የአዲሱ ዋጋ አይወራም። ሳይመረመር ስለማይሸጥ አርቢዎቻችን ናሙናውን ሳይጎን ልከው ውጤት እስኪመጣ ሽሪምፑ ኩሬው ውስጥ ይታመምባቸዋል። ገንዘብ የተፈቀደልን ለአንዴ ብቻ ነው፤ የማይሠራ ማሽን ከገዛን ላቦራቶሪው ይዘጋል።

ማሽኑ ጥግ ላይ ጠፍቶ ተቀምጧል።

“ስንት ይላሉ፣ እትዬ?”

ነገሩኝ። ከያዝነው ትንሽ ያንሳል! “በቃ፣ ወስደነዋል!” ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩ።

አብሮኝ የመጣው የሥራ ባልደረባዬ ካይ ክንዴን ያዘኝ። “ኧረ ተይ ሊየን! ሳይበራ? ውስጡ ያለው አየር ተመጥጦ ካልወጣ መሥራት አለመሥራቱ አይታወቅም እኮ። ፓምፑ እስከ ነገ ይሥራ።”

“እስከ ነገማ ዋጋው ይጨምራል! ሳንገዛ ብንወጣ ደግሞ ቀናቸው ይበላሻል። አንተ ዝም በል።”

ገንዘቡን ዘረጋሁላቸው። እትዬ ቶዋ አዩኝና እጃቸውን ሰበሰቡ።

“አልቀበልም።”

“እንዴ! ለምን?”

“ልጄ፣ ይሄን ከተዘጋ ፋብሪካ እንደጠፋ ነው ያነሳሁት። እኔም ሲሠራ አላየሁትም፤ ጓደኛሽ እውነቱን ነው። ለቀኔ ካሰብሽ ያቺን ብልቃጥ ግዢኝና ገበያዬን ክፈቺልኝ። ማሽኑን ነገ እናየዋለን፤ ዋጋው ያው ነው።”

እፍረቴን ይዤ የማልፈልጋትን ብልቃጥ ገዛሁ።

ፓምፑ ሲሠራ አድሮ በማግስቱ ስንመጣ ካይ ስክሪኑን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። ከውጭ አየር እየገባ ነበር። ትናንት ጭኜው ሄጄ ቢሆን ኖሮ! ካርቶን ላይ ዘጭ አልኩ።

“ምነው፣ ሰው የሞተ አስመሰልሽው!” አሉኝ እትዬ ቶዋ፤ መካኒካቸውንም ጠሩ። እሱና ካይ በየመገጣጠሚያው አሴቶን የሚባል ፈሳሽ ጠብ እያደረጉ ስክሪኑን ያዩ ጀመር፤ አየር የሚገባበት ቦታ ሲደርሱ ማሽኑ አሴቶኑን ያሸተዋል። ከኋላ በኩል አንዱ ጋ ሲደርሱ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ሽቅብ ተተኮሰ። የተሰነጠቀ ጎማ ነበር። ቀየሩት፤ ፓምፑ እንደገና ሲመጥ ውሎ ማምሻውን ማሽኑ ደህና ሆነ። እትዬ ለጎማውም ለመካኒኩም ምንም አልጨመሩብንም። እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ።

“ሂጂ ወዲያ፣ ደንበኛ ታባርሪብኛለሽ!” አሉኝ።

ካን ቶ ላይ የመጀመሪያው ናሙና የሽሪምፕ አርቢው የጋሼ ታም ነበር። ጠዋት ላመጡት ከሰዓት በኋላ ውጤቱን ነገርኳቸው፤ ንጹሕ ነው። ወዲያው ለሚስታቸው ደወሉ፤ “መኪናውን ጥሪ፣ ዛሬ እናወጣዋለን!” ሊያመሰግኑኝ ሲጀምሩ ቆጣ አልኩ።

“እኔን አያመስግኑ! የሚመሰገኑት ሳይጎን ናቸው” ብዬ የእትዬ ቶዋን ነገር አጫወትኳቸው። ጋሼ ታም ታዲያ አንድ ሳጥን ሽሪምፕ በበረዶ ሞልተው በአውቶቡስ ላኩላቸው።

በማግስቱ እትዬ ቶዋ ደወሉልኝ።

“አንቺ! ሽሪምፕ ትበላለች ብሎ ማን ነገረሽ? ሰውነቴን ያሳክከኛል! ሁሉንም ለመካኒኩ ሰጠሁት!”

“ውይ እትዬ፣ በሞቴ ይቅርታ...”

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። “በዚያ ማሽን የታየው ነው?”

“አዎ፣ እትዬ። የመጀመሪያው።”

“በይ እንግዲያው ጨርሶ ሳይበላው አንድ አስቀርልኝ ልበለው። እንደፈለገ ያሳክከኝ!”