አኮን ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ

አይደለም ነው የምትለኝ፣ ሁለት ቋንቋ ስለሰማች አይደለም እናቷ፣ ትላለች ዶክተር ፍጹም፣ እኔ ከንፈሯን ብቻ ነው የማየው፣ የልጄን የጃለኔን ጭንቅላት ከዚያ ሽቦ ከበዛበት ኮፍያ እያወጣች ነው፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ፀጉሯ በቅባቱ ተጣብቋል፣ ጆሮዋ ደህና ነው፣ ድምፁ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ነው አንጎሏ ተቀራራቢ ድምፆችን መለየት የሚያቅተው። ቅድም ዶክተሯ የራሷን አፍ በወረቀት ሸፍና፣ ጠፋ፣ ተፋ፣ ጠፋ፣ ተፋ፣ ሲለያይብሽ እጅሽን አውጪ ስትላት ጃለኔ እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ቀረች። አንዴም። እርሳሴ ተፋ ስትለኝ በሳቅ እሞት ነበር፣ ኋላ ላይ እጮህባት ጀመር፣ ጠፋ በይ፣ ጠ! ጠ! እሷ እኮ ያልኩትን ነው የምትደግመው፣ ለእሷ አንድ ነው፣ አምላኬ፣ አንድ ነው።

ኦሮምኛው አይደለም? እርግጠኛ ነዎት? አንድ ቋንቋ ብቻ ብትሰማም ይኸው ነው፣ ትለኛለች፣ ማንም አላመጣባትም፣ እንዲያውም ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ የሚያጫውታት ሰው ይጠቅማታል፣ ቤት ውስጥ እንደዚያ ያለ ሰው አለ?

ነበር።

ነበር አልኩ መሰለኝ፣ ፊቴ ላይ ምን እንዳየች እንጃ፣ ወንበር ሳበችልኝ።

አኮ። የባሌ የቶኩማ እናት፣ እንደ ልጅቷ ሁላችንም አኮ ነው የምንላቸው፣ አያቴ እንደማለት፣ ቀኑን ሙሉ አዝለዋት በኦሮምኛ ሲያወሩላት፣ ሲያዜሙላት፣ እኔ ከቢሮ ገብቼ፣ በትህትና፣ እግዜር ይይልኝ ትህትናዬን፣ አኮ፣ ልጅቷ በሁለት ቋንቋ ተምታቶባት ነው አፏ የተያዘው፣ እባክዎ አያናግሯት። ማንም እንዲህ በይ አላለኝም፣ ከራሴ ነው ያመጣሁት፣ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ማህተም እንደምመታ ምትት አድርጌ። አማርኛ የሚያውቁት ለገበያ ያህል ነው። እሺ ልጄ፣ አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ በእጃቸው ብቻ፣ ነይ በእጅ፣ ብዪ በእጅ፣ ወር ሳይሞላ ጓዛቸውን ሸክፈው አገራቸው ጉደር ገቡ። እናቴን ምን አልሻት ሲለኝ ቶኩማ፣ ምንም አልኩት፣ ምንም! ሦስት ዓመት።

ጉደር ጉደር ጉደር ይላል የሚኒባሱ ረዳት፣ መቼ ወጣሁ ከዚያ ክፍል፣ ጃለኔ ጭኔ ላይ ናት፣ አምቦ ከኋላችን ቀርታለች፣ ምን ብዬ ልጀምር፣ በየትኛው አፌ።

አኮ ጓሮ ሽንኩርት እያረሙ ነው፣ ቀና አሉ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ጃለኔን አገላብጠው ሳሟት፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ። ዛሬም ይጠነቀቃሉ! አኮ፣ ተሳስቼ ነው፣ ኦሮምኛው አይደለም፣ አብሯት የተፈጠረ ነው፣ ሐኪሟ ነገረችኝ። አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ አይደለሁም? አይደሉም አኮ። እኔ አበላሸኋት ብዬ፣ ድንቅቱ ልጄ፣ አሉኝ በዚያች በገበያ አማርኛቸው፣ በየወሩ ማርያም እሄዳለሁ፣ አፌን ይቅር በይኝ እላለሁ፣ ሦስት ዓመት።

ምን? ተቀይመውኝ ነበር የመሰለኝ፣ ምነው ቅያሜ በሆነ፣ እኔን በረገሙኝ፣ እሳቸው የረገሙት የገዛ አፋቸውን ነው፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ፣ አሁንስ፣ አሉ፣ ላናግራት? ይፈቀዳል?

እኔን። እኔን ነው የሚያስፈቅዱት። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ፣ ወደ ጃለኔ ዞሩ፣ ኮቱ ኢንተለ ኮ፣ ነይ ልጄ ማለት ነው፣ ይህችን ያህል እኔም አውቃለሁ፣ ቀስ አድርገው፣ ደግመው፣ ኮቱ፣ ጃለኔ አፋቸውን ትክ ብላ እያየች ነው፣ እጄን ለቀቀች፣ ወደ እሳቸው እየሄደች ነው