ጳጉሜን የዘለለው ቀጠሮ

ሲስተር ማስተዋል ሲደውሉ ሰላምታቸው ብቻ ደቂቃ ይፈጃል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ደህና አደርሽም አላሉኝ።

«ፀደይ፣ ያ ፕሮግራምሽ ምን ነካው? አንድ ታካሚ ክኒኔ ካለቀ ሁለተኛ ቀኔ ነው ብሎ ፊቴ ቆሟል። ስልኩ ላይ የላክሽለት ቀጠሮ ግን መስከረም ሁለት ይላል!»

ቀኑ ጳጉሜን ሦስት ነበር። መጣሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጅባራ የኮምፒውተር ኮድ መማር ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። ለልምምድ የተመደብኩት ሲስተር ማስተዋል የሚሠሩበት ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች የወር ክኒናቸውን የሚወስዱበትን ቀን በስልክ መልእክት የሚያሳውቅ ፕሮግራም ሠራሁ። ሠራሁ ማለት እንግዲህ ኤአይ ለሚሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአማርኛ ነገርኩት፣ እሱ ጻፈው፣ እኔ ገለበጥኩት። ጀማሪ በኤአይ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ በሚለው ላይ አየነው የሚባለው መምህራችን ከራሱ ጋር እንኳ አልተስማማም፤ ሰኞ ይከለክለናል፣ ሐሙስ ራሱ ሲጠቀም እንይዘዋለን። እኔም የሐሙሱን አየነው መረጥኩ።

ደግሞ ሳልፈትነው አይደለም ያስረከብኩት። ከጥር ወደ የካቲት፣ ከሚያዝያ ወደ ግንቦት እያስኬድኩ አይቼዋለሁ፤ አንዳች አልተሳሳተም። «አንድ ወር ጨምር» ብዬዋለሁ፣ ጨመረ። ነሐሴ ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ ብሎ ወደ መስከረም አለፈ። ብቻውን አላጠፋም፤ ደመወዝ የማይከፈልባትን ጳጉሜን ማን ከወር ቆጥሯት ያውቃል? እኔም ስፈትነው ትዝ አላለችኝም። ሲስተር ድሮ ካርድ ላይ በእጃቸው ሲጽፉ የሠላሳ ቀኑን ክኒን እየቆጠሩ ነበር የሚቀጥሩት። ፕሮግራሙን የጫንኩላቸው ቀን «ገላገልሽኝ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ፤ ከዚያ ወዲህ ካርድ ነክተው አያውቁም።

ጤና ጣቢያው ስደርስ ሲስተር ነሐሴ ላይ ክኒን ለወሰዱት ሁሉ እየደወሉ «ዛሬውኑ ኑ!» እያሉ ነበር። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ወረድኩበት፤ እንደገና ከታች ወደ ላይ ወጣሁ። ወሩን የሚጨምረው የትኛው መስመር እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ስሜ ከላይ በጉልህ ተጽፏል፤ ከስሜ በቀር የማውቀው ነገር የለም። ኤአዩን ልጠይቅ ብል ኢንተርኔት የለም። አፍሬ ላፕቶፑን ዘጋሁት።

«ሁሉም ተገኝቷል» አሉ ሲስተር ስልኩን እያስቀመጡ። «ወገኔ የሚባለው ልጅ ብቻ ስልክ አያነሳም። ቤቱ ጥርባ ሐይቅ አጠገብ ነው፣ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖር።»

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ። ክኒኑን በፖስታ አድርገው ሰጡኝ።

ዝናቡ ይወርዳል። ባጃጁ በየጭቃው እየተንሸራተተ ሲሄድ እኔ ወገኔን በሐሳቤ ደጋግሜ እጥለዋለሁ፤ ምድጃ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ መንገድ ላይ። ሹፌሩ መንገዱ ሲብስበት አቆመና «ከዚህ በኋላ በእግርሽ ነው» አለኝ። «ሰው ብታጪ እንዳትደነግጪ፤ ዛሬ ሩፋኤል አይደል፣ አገሩ ሁሉ ሊጠመቅ ውሃ ወርዷል።»

ውሃ። እኔ እሳቱን ስፈራ ውሃውን ረስቼው ነበር። ሮጥኩ። አንዱ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አልተመለስኩለትም።

የወገኔ ቤት ዝግ ነበር። ከጎረቤት ብቅ ያለች ሴት በአገጯ ወደ ሐይቁ አመለከተችኝ። ቁልቁል እየወረድኩ ሳለ ከታች ጩኸት ሰማሁ። ጩኸቱ በአዊኛ ነው፤ እኔ ደግሞ የዳንግላ ከተማ ልጅ ነኝ፣ ከአማርኛ ሌላ አልሰማም። እየተጫወቱ ይሁን እያለቀሱ መለየት አልቻልኩም። ሩፋኤል፣ ቀኑ ያንተ ነው፣ ይሄን አንድ ሰው ማርልኝ እያልኩ ቁጥቋጦውን እየያዝኩ ወረድኩ።

ሰው ከቦ ቆሟል። ገፍቼ ገባሁ።

ወገኔ ሣሩ ላይ በጎኑ ተኝቷል። ልብሱ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ግንባሩ ተፈንክቷል፣ ጋቢ ደርበውለታል። ደረቱን አየሁት፤ ከፍ ዝቅ ይላል። ይተነፍሳል! እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው ገና ጉልበቱ ድረስ ሳለ ነው በሽታው የጣለው አሉኝ፤ ሁለት ጎረምሶች ጎትተው አወጡት። ትንሽ ገባ ብሎ ቢሆን ኖሮ የሚለውን ላስበው አልፈለግሁም፤ ግን አሰብኩት።

ራሱን ደግፈው የያዙት እናቱ፣ እማማ እታለማሁ ናቸው። ከጤና ጣቢያው እንደመጣሁ ነግሬያቸው ፖስታውን ስሰጣቸው እጄን ይዘው መረቁኝ።

«በዚህ ዝናብ! ዕድሜ ይስጥሽ ልጄ፣ ክፉ አይንካሽ።» ከዚያ ወደ ወገኔ አቀረቀሩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ክኒኑ አልቋል፣ ልሂድ ሲለኝ የከለከልሁት እኔ ነኝ። መልእክቱ መስከረም ይላል፣ የተማሩት ሰዎች ያለ ነገር አይሉም፣ ያለ ቀጠሮህ ሄደህ አታስቸግራቸው አልሁት። እኔ ነኝ ልጄን የጣልሁት!»

ዝም ብዬ ምርቃቴን ይዤ መሄድ እችል ነበር። ግን እኒህ ሴት በእኔ ጥፋት ራሳቸውን ሲወቅሱ ማየት አልቻልኩም።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። መልእክቱን የሚልከውን ነገር የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኹም። ሊገባቸው የፈለጉ ነው የሚመስሉት።

«ታዲያ ስለምን መስከረም አለ?»

«ጳጉሜን ዘሎ ነው። ለምን እንደዘለለ ግን... ውስጡን አላውቀውም። የጻፈልኝ ኮምፒውተር ነው። እኔ የሚሠራ መስሎኝ ተቀበልኩት።»

የወገኔን ግንባር በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት፤ ደሙ መልሶ መጣ።

«አንቺ እንኳ ለማታውቂው ነገር ነው» አሉ፣ «እኔ ልጄን አምኜ የሰጠሁት?»