የጎደሉት ሦስት ዓመታት

አሰፋሽ ሲኤምሲ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል መዋኛ የነፍስ አድን ሠራተኛ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው፤ አምናም ሠላሳ አራት ነበረች፣ ካቻምናም እንደዚሁ። ቁጥሩን አጥብቃ የያዘችው በተለይ ለጉቱ ስትል ነው። የሥራ ባልደረባዋ ጉቱ አርባ አንድ ዓመቱ ሲሆን ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ቃል ገብቶላታል፤ «ትንሿ» እያለም ይጠራታል።

ታዲያ ክለባቸው በዓለም አቀፉ የነፍስ አድን ስፖርት ውድድር ሊሳተፍ ተነሣ። አሠልጣኙ ጋሽ እሸቴ ደንቡን አነበቡላቸው። በአንጋፋዎች ቅብብል ለመሰለፍ የአራቱ ዋናተኞች ዕድሜ ተደምሮ መቶ ሰባ መሙላት አለበት። ካልሞላ ከጎረምሶች ጋር ነው፤ ያ ደግሞ ለመዋረድ አገር አቋርጦ መሄድ ነው። ጋሽ እሸቴ ራሳቸው ሃምሳ ሁለት፣ ጸደንያ አርባ፣ ጉቱ አርባ አንድ፣ አሰፋሽ ሠላሳ አራት። ሲደመር ሦስት ጎደለ።

ጋሽ እሸቴ አንገታቸውን እያሻሹ፣ አሰፋሽ ልጅ በመሆኗ ከቡድኑ እንደምትወጣ ተናገሩ። በእሷ ቦታ የሰሚት ጎረቤታቸው አቶ ዳጪ ይገባሉ፤ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው።

አቶ ዳጪ በማግስቱ መጡ። መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው እስከ ጉልበታቸው ወረዱና ቆሙ። ሰው አክላ የተሠራችውን የማዳን መለማመጃ አሻንጉሊት ከገንዳው ወለል እንዲያወጡ ሲጠየቁ አተኩረው አዩዋት።

«እሷማ አልቆላታል» አሉ።

አሰፋሽ ዳር ቆማ ታያለች። ያቺን አሻንጉሊት በመጎተት ከክለቡ የሚስተካከላት የለም። ጋሽ እሸቴን ጠጋ ብላ፣ ሲታሰብ ሠላሳ ሰባት ሳይሆናት እንደማይቀር ነገረቻቸው። እሳቸውም ፓስፖርት ስለሚታይ በግምት እንደማይሆን አስረዷት። ጉቱ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ያዳምጣል።

«አርባ ሦስት» አለች።

ጋሽ እሸቴ በጣታቸው ደምረው ፊታቸው በራ። ጸደንያ ሳቋን ለመዋጥ ዞር አለች። አሰፋሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«በሁለት ዓመት ትበልጪኛለሽ ማለት ነው?» አለ ጉቱ።

«አዎ።»

«ታዲያ ሽማግሌውን እኔ ልላክ፣ ወይስ እርስዎ ይልካሉ?»

ከነፎጣው ገንዳው ውስጥ ገፈተረችው።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው ሄዱ፤ የአሰፋሽ አባትም ሳያስቸግሩ እሺ አሉ። በውድድሩ ቡድኑ ከመጨረሻው ሁለተኛ ወጣ። አሰፋሽ በእሷ ተራ አንዲት ጣሊያናዊት ቀድማለች፤ ሴትዮዋ ስድሳ ዓመት እንዳለፋት ግን አሰፋሽ ለማንም አልተናገረችም።