የይሻላል ጨጓራ

ውሻው ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስመልስ የወጣው ነገር የቡና አተላ ይመስል ነበር። ማሙሸት ግን ውሻው ቡና እንደማይቀምስ ያውቃል።

ምን አለሽ ተራ ላይ ወሬ ከመዶሻ ድምፅ ይፈጥናል። ወዲያው የሰፈሩ ሐኪሞች ከበቡት።

«ጨጓራ ነው!» አለ ጎረቤቱ ምድጃ ሠሪው ዘመድኩን። ከደረት ኪሱ ኦሜፕራዞሉን እንደ መታወቂያ መዘዘ። «አንድ ፍሬ ስጡት። እኔን ስምንት ዓመት ያኖረኝ ይሄ ነው።»

«ተልባ በጥብጡለት!»

«ኧረ አብሽ ነው የሚያሽረው!»

መርካቶ ውስጥ ጨጓራውን ያልታመመ ሰው ገና ሥራ ያልጀመረ ነው፤ ስለዚህ መካሪ አልጠፋም።

«ያንተን ክኒን ላንተ!» አሉ የማሙሸት አማት እትዬ ቦሰና። «ሐኪም ጋ ነው የሚሄደው። ማሙሸት፣ አንተ ደግሞ ቆመህ ምን ታያለህ? ጋሪ አምጣ!»

ውሻው የእሳቸው ነው። ማሙሸት ምድጃ የሚሠራበት ግቢም፣ የሚያድርበት ቤትም የእሳቸው ነው። ልጃቸውን ባገባ በሳምንቱ ቡችላ አምጥተው «ይሻላል» ብለው ስም አወጡለት። ከማን እንደሚሻል የጠየቀ አልነበረም፤ ሰዉ ሁሉ ማሙሸትን ነበር ያየው።

ጋሪውን ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲገፋ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ከአራት ቀን በፊት እትዬ ለቅሶ በሄዱበት ላሜራ ከእጁ አምልጦ የውሻውን እግር መታው። «ከእንግዲህ የኔ ከሆነ ነገር አንዲት ብታበላሽ ልብስህን ሸክፈህ ትወጣለህ» ካሉት ገና ወር አልሞላም። ስለዚህ ማንከሱን እንዳያዩ የራሱን የወገብ ክኒን፣ ዳይክሎፌናኩን፣ በዳቦ ጠቅልሎ ጠዋት አንድ ማታ አንድ አጎረሰው። ማንከሱም ጠፋ። ማሙሸት በሙያው ሊኮራ ሲዳዳው ውሻው መብላት አቆመ።

«አይ መርካቶ! ውሻ በጋሪ፣ ሰው በእግሩ!» ብሎ ጮኸ አንድ ተሸካሚ።

እትዬ ቦሰና ዞር እንኳ አላሉም። ስድብ ሳይመልሱ ሲያልፉ አይቷቸው አያውቅምና ማሙሸትን ይሄ የበለጠ አስፈራው።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ፀደንያ የውሻውን ከንፈር ገለጥ አድርጋ ድዱን አየች። ነጥቶ ወረቀት መስሏል።

«ስሙ ማነው?»

«ይሻላል» አሉ እትዬ።

«እሱን ከምርመራው በኋላ ነው የማውቀው። ስሙን ነው የጠየቅኩዎት።»

«ስሙ ነው እንጂ!»

ዶክተሯ አልሳቀችም። «ሆዱ ውስጥ እየደማ ነው። ምናልባት ጨጓራው ቆስሎ ይሆናል፤ ምናልባት የአይጥ መርዝ በልቶ። የሰው መድኃኒት ሰጥታችሁታል?»

«ማን ደፍሮ!» አሉ እትዬ።

ዶክተሯ ወደ ማሙሸት ዞረች። «አንተስ?»

«ኧረ ምንም» አለ።

«እንግዲያው መርዝ ነው ብዬ ልጀምር ነው። የሁለቱ ሕክምና ይለያያል። ከተሳሳትኩ ዛሬን አያልፍም።»

«ማን እንደመረዘው አውቃለሁ!» እትዬ ስልካቸውን አወጡ። «ያ ክኒን ከኪሱ የማይጠፋው ዘመድኩን ነው! ፖሊስ ፊት ይነግረኛል!»

ዶክተሯ መርፌውን አነሳች። ውሻው አንድ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ ከደነ። ማሙሸት የዶክተሯን ክንድ ያዘ።

«ቆይ! እኔ ነኝ!» ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «ላሜራ ጣልኩበት፤ ከዚያ የወገቤን ክኒን ሰጠሁት። ዳይክሎፌናክ። ስድስት ፍሬ።»

«እሱ ነዋ ጨጓራውን የበላው» አለች ዶክተሯ መርፌውን እየቀየረች። «አሁን አሲድ የሚቀንሰውን በደም ሥሩ እሰጠዋለሁ፤ አሲዱ ጋብ ካለለት ቁስሉ ይደርቅ ይሆናል። ከተረፈ ክኒኑን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዱ ይውጣል፤ ልኩን እኔ እነግራችኋለሁ። ግን ብዙ ደም ፈሶታል፣ ቃል አልገባም።»

እትዬ ቦሰና ነጠላቸውን አውልቀው ውሻውን አለበሱት። ማሙሸት ስድቡን ጠበቀ፤ ስድቡ ግን አልመጣም።

«ከተነሳ ትኖራለህ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀና ብለው ሳያዩት። «ካልተነሳ ልጄ ትቀራለች፣ አንተ ትሄዳለህ።»

ሦስት ቀን ጋሪውን ገፍቶ አመላለሰው። ሦስት ቀን ውሻው ራሱን ቀና ማድረግ አቃተው። በአራተኛው ጠዋት እትዬን መዳፋቸው ላይ ዶክተሯ ያዘዘችውን ካፕሱል ይዘው ግቢው መሀል ቆመው አገኛቸው።

«ያጎረስከው አንተ ነህ። አሁንም አጉርሰው።»

ማሙሸት ተንበረከከ። በግራ እጁ የውሻውን መንጋጋ ከፍቶ በቀኙ ካፕሱሉን እስከ ምላሱ ሥር ገፋው። ውሻው አየው። ላሜራውንም፣ በዳቦ የተጠቀለለውንም፣ ሁሉንም የሚያስታውስ መሰለው። እጁን ለመሳብ ሲል መንጋጋው ግጥም አለ።

«ነከሰኝ!» ጩኸቱ ለራሱ ጆሮ እልልታ ሆኖ ተሰማው። «እትዬ፣ ነከሰኝ እኮ! እስከ አጥንቴ!»

እትዬ ቦሰና ጎንበስ ብለው ካፕሱሉ መዋጡን አዩ። ቀጥለው የሚንጠባጠበውን እጁን አዩ።

«ነገ በግራህ ታጎርሰዋለህ» አሉት።