የጓሳ ነዳጅ

ኬሚስቱ መርስዔ ኃዘን ዕድሜውን የፈጀው ቅጠል የፀሐይን ብርሃን እንዴት እንደሚያከማች ሲያጠና፣ ከቅጠልም ነዳጅ ለማውጣት ሲለፋ ነው። ቤንዚን በጠፋበት በደርግ ዘመን መሐል ሜዳ ከተማ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «የጓሳ መስክ ሣር እንደ ድሮው ለዓመታት ተከልሎ ቢቆይ ነዳጅ ሊወጣው ይችላል» አለ።

ምን ዋጋ አለው! ካድሬው የሰማው «ነዳጅ» የምትለዋን ብቻ ነው። በሳምንቱ ገበሬው በዘመቻ ተነድቶ ጓሳን ሙልጭ አድርጎ አጨደው። ክምሩም ካድሬው ቢሮ ደጅ በክረምቱ ዝናብ በሰበሰ።

በአብዮት በዓል መርስዔ ኃዘንን መድረክ ላይ አውጥተው ሜዳሊያ አጠለቁለት። የመሬት አዋጁ እስኪሽራቸው ድረስ የጓሳ ጠባቂ የነበሩት አባቱ፣ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሳያወጡ ትክ ብለው አዩት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

እሱም አጨበጨበ።